የመሪጌታ ልሳነወርቅ የመጨረሻ ገጽ

በአንድ ወቅት፣ ኮምፒውተር እስከ ደብር ቅጥር በዘለቀበት በዚሁ በእኛው ዘመን፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ የዜማ መምህር ነበሩ። የሚኖሩት አምባ ጽጌ በምትባል፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበር። የአምባ ጽጌ ደብር የሚታወቀው በስንብት ዜማው ነው። ሰው ሲሞት፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ይዜማል። መሪጌታ ሲያዜሙት የሰማ ሰው፣ የሟች ዘመድ ባይሆን እንኳ፣ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሳያነሣ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር።

እኚህ ሰው ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሲጀምራቸው ጉንፋን መስሏቸው በዝንጅብል ሊያባርሩት ሞከሩ። እምቢ ሲላቸው ደሴ ወርደው ተመረመሩ። ሐኪሙ ልጃቸውን ሐመልማልን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ድምፃቸው ቀድሞ ይሄዳል፤ እሳቸውም ከድምፃቸው በኋላ ብዙ አይቆዩም» አላት።

ሐመልማል ለአባቷ አልነገረቻቸውም። እሳቸው ግን በመኪና ሲመለሱ ፊቷን እያዩ ቆይተው፣ «በይ ወንድምሽን ጥሪው» አሏት። «ይትባረክም ይምጣ። ዜማዬ ከእኔ ጋር አፈር እንዲገባ አልፈልግም።»

ሦስቱም ተሰበሰቡ።

ይትባረክ የመሪጌታ የመጀመሪያ ደቀ መዝሙር ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ በእሳቸው ደጅ አደገ። የስንብቱን ዜማ ከእሳቸው ሌላ ጠንቅቆ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ በየቀብሩ ከኋላቸው ቆሞ በጆሮው ነው የያዘው። በዚያው ሰሞን ከአንድ ትልቅ ከተማ ደብር ለመምህርነት ተጠርቶ ነበር። የመሪጌታን መታመም ሲሰማ፣ «የኔታን በዚህ ሁኔታ ጥዬ የትም አልሄድም» ብሎ መለሰ። ቦታውም ለሌላ ተሰጠ።

ሐመልማል ደሴ ውስጥ ማተሚያ ቤት ትሠራ ነበር። ሥራዋን ለቅቃ አምባ ጽጌ ገባች። የታጨችለት ሰው ጥቂት ጠበቃትና መጠበቁ ሲሰለቸው ሌላ አገባ። ዜማ ማንም አላስተማራትም፤ ሴት ልጅ ከጉባኤው አትቀመጥም። ግን የተኛችበት ክፍል ግድግዳ ከተማሪዎቹ ጎጆ ጋር የተጣበቀ ስለነበር ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች። ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ በጆሮዋ ከሰማች፣ የትኛው ምልክት እንደሆነ እጇ ይጽፈዋል።

ዘርዓብሩክ ታናሽ ወንድሟ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ፕሮግራመር ነው። አባቱ የጠሩበትን ምክንያት ሲሰማ ሌላ ሥራውን ሁሉ ትቶ፣ ዜማን ከነምልክቱ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙን ለማንም በነፃ ለቀቀው፤ ኮዱንም ክፍት አደረገው፤ የፈለገ እንዲያየው፣ የቻለ እንዲያሻሽለው። «የእኛ ደብር ብቻ ሳይሆን የሌላውም ይዳን» አለ።

ሥራው ተጀመረ። መሪጌታ በቀራቸው ድምፅ ያዜማሉ። ሲደክማቸው ይትባረክ ይቀጥላል፤ እሳቸው እጃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያርሙታል። ሐመልማል ትጽፋለች። የዜማ ምልክት እንደምታውቁት ከፊደሉ ራስ ላይ የሚሰፍር ጭረትና ነጥብ ነው፤ አንዱ ወደ ጎረቤት ፊደል ከተንሸራተተ ዜማው ሌላ ዜማ ይሆናል። ስለዚህ የተጻፈው ሁሉ ታትሞ ለመሪጌታ ይቀርባል። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ያዩታል። ከተስማሙበት «ይሁን» ይላሉ። «ይሁን» ያሉት ገጽ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

በስልክ መቀረጽን ግን ከለከሉ። ይትባረክ አንድ ጊዜ ስልኩን ቢያወጣ እጁን ያዙት። «ይኼ የእኔ ድምፅ አይደለም፤ የበሽታው ነው» አሉት። «ልጆቹ ሻካራነቱን ዜማ ነው ብለው ይማሩታል። ጻፉት እንጂ አትቅረጹት።»

ገጾቹ ወደ ጎረቤት ደብሮችም ተላኩ፤ እዚያ ያሉ ዲያቆናት ከፕሮግራሙ እያተሙ ያጠኑ ጀመር። መሪጌታ ደስ አላቸው። ብዙም አልቆየ፣ ከጎረቤቶቹ ደብሮች በአንዱ የሚኖሩ የጥንት ጓደኛቸው ሞቱ። መሪጌታ ታመው ሳለ፣ «እሱን ሳልቀብርማ አልቀርም» ብለው ተነሡ። ሐመልማል ደግፋ ወሰደቻቸው።

ዲያቆናቱ ከተላኩት ገጾች አንዱን፣ የፍትሐቱን ዜማ፣ ይዘው ማዜም ሲጀምሩ ሐመልማል መጀመሪያ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ድምፁ መውረድ ካለበት ቀድሞ ይወርዳል፤ መቆም የሌለበት ቦታ ይቆማል። አባቷን ዞር ብላ ስታይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ዜማውን ለማስቆም መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡ። ማንም አላያቸውም። ዜማው እንደተበላሸ አልቆ አስከሬኑ ወረደ። ቤት ሲደርሱ መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ጥፋቱ የክፋት አልነበረም። አንድ የማያውቁት በጎ ፈቃደኛ፣ የመሥመሮቹን አደራደር አሳምራለሁ ብሎ ኮዱን ሲነካ፣ አንዳንዶቹ ምልክቶች በአንድ ፊደል ተንሸራተዋል። ማንም ልብ ሳይል አዲሱ ፕሮግራም በየደብሩ ተጫነ።

ሐመልማል ለወንድሟ ደውላ ያየችውን ነገረችው። ዘርዓብሩክ ሰማትና፣ «አባዬ መቋሚያ ሲያነሡ ማንም አላያቸውም?» ብቻ ብሎ ጠየቃት። «ማንም» አለችው። ከዚያ በኋላ ሊመጣ ያሰበበትን ሳምንት ሰረዘና ሌላ ሥራ ጀመረ። ሲጨርስ ስልኩን በአባቱ ጆሮ ላይ እንድታደርግለት ጠየቃት።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ማንም ፕሮግራሙን በነካ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ እርስዎ ይሁን ያሏቸውን ገጾች በሙሉ እንደገና ይጽፋቸዋል። አዲሱን በድሮው ላይ ደርቦ ያስተያያል። አንዲት ነጥብ በፀጉር ያህል ብትነቃነቅ ቀይ ሆና ትወጣለች፤ ለውጡም አይገባም።»

መሪጌታ በሹክሹክታ፣ «እኔ ስሞትም ያያል?» አሉ።

«ያያል አባዬ።»

«አይደክመውም?»

«አይደክመውም።»

መሪጌታ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሐመልማል ሲስቁ አይታ አታውቅም ነበር። «እንግዲያው ከተማሪዎቼ ሁሉ ትጉሁ እሱ ነው» አሉ። ይትባረክ በዚያ ሰዓት እግራቸውን በሙቅ ውኃ እያጠበ ነበር። ሐመልማል እጁ ለአፍታ ቆም ሲል አየች። ከዚያ ማጠቡን ቀጠለ።

ዘርዓብሩክ የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ እያስፈተነ አዲስ አበባ ቀረ። «ይኼን ልጨርስና ልምጣ» ይላል። መሪጌታም፣ «ዘሩ መች ነው የሚመጣው?» ይላሉ። ሐመልማል፣ «ሊመጣ ነው» ትላለች።

በዚህ መሐል የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ምሕረተአብ፣ ሊጠይቋቸው መጡ። መሪጌታ ትራስ ተደግፈው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «መቋሚያዬ ድምፄን ለጠበቀልኝ ይሰጥ» አሉ። በአምባ ጽጌ የመሪጌታ መቋሚያ ከእንጨት በላይ ነው፤ ስለ ዜማው ክርክር ሲነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የያዘው ሰው ነው። አለቃ፣ «ለማን ማለትዎ ነው?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ፣ «ታውቁታላችሁ» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።

ሁሉም ሲጻፍ የስንብቱ ዜማ ብቻ ሳይጻፍ ቆየ። መሪጌታ፣ «እሱ ሰው ሳይሞት አይዜምም» እያሉ ያዘገዩት ነበር። አንድ ጠዋት ይትባረክ ለበዓል ወደ ሌላ ደብር ሄዶ ሳለ፣ ሐመልማልን በእጃቸው ጠሯት። «ዛሬ ጻፊው» አሏት።

«ይትባረክ ይምጣና…»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ።»

ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ ያዜሙ ጀመር። ሐመልማል ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠግታ ጻፈች። የዜማው የመጨረሻ ቃል «በሰላም» የሚል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው «ላ» ላይ ርክርክ የሚሉት ምልክት ነበረ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው ከደረጃ በዝግታ እንደሚወርድ፣ ወደ ታች ይሄዳል። ያን ቀን ግን መሪጌታ «ላ» ላይ ደርሰው ቆረጡት። ሐመልማል ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

«አባዬ፣ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት። እዚያው ቦታ ላይ ቆረጡት። አሁን ደግሞ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝቅ አደረጉ።

«የቁርጥን ምልክት ነው የምጽፈው? ርክርኩን ልተወው?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ከደኑ። አዎን ማለታቸው ይሁን ደክሟቸው፣ ሐመልማል አላወቀችም። እስከ ዛሬም አላወቀችም። የሰማችውን ጻፈች። ገጹ ታትሞ ሳያዩት በማግስቱ አረፉ። «ይሁን» የሚል አልነበረም። ሐመልማል እንባዋን እየጠረገች ኮምፒውተሩን ከፈተችና ገጹን ኮምፒውተሩ ከሚያስተያያቸው፣ ይሁን ከተባሉት ገጾች ጋር አስገባችው። ይሁን ያለችው እሷ ናት።

የቀብሩ ዕለት አምባ ጽጌ ለሰው አልበቃችም። ይትባረክ ከመንገድ እንደደረሰ ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመ። ዲያቆናቱ ሐመልማል የጻፈችውን አዲሱን ገጽ ይዘው ከበቡት። ለይትባረክ ወረቀት ማሳየት ያሰበ አልነበረም፤ እሱም ወረቀት አይዝም።

ዜማው እስከ መጨረሻው አንድ ድምፅ ሆኖ ሄደ። «በሰላ…» ላይ ሲደርሱ ዲያቆናቱ በአንድ ጊዜ ቆረጡት። ይትባረክ ግን ቀጠለ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ላይ የእሱ ድምፅ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ።

ሕዝቡ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ስንብት ሰምተን አናውቅም ያሉ ነበሩ፤ በመሪጌታ ቀብር ዜማ ተሰበረ፣ ነውር ነው ያሉም ነበሩ። ሐመልማል ዝምታውም የአባቷ፣ ድምፁም የአባቷ መስሎ ተሰማት። የትኛውን እንደምታለቅስ ግራ ገባት። ዘርዓብሩክ የደረሰው መንገድ ተዘግቶበት መቃብሩ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። አንዱንም አልሰማም።

ሐዘንተኛው ሲበተን ይትባረክ ወደ ሐመልማል መጣ። ገጹን ይዞታል።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«እኔ። አባዬ እንዳዜሙት።»

«የኔታ ቁርጥ አላሉም። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።»

«ሁለቴ ነው ያዜሙት። ሁለቴም እዚያው ላይ ነው የቆረጡት። እጃቸውንም ዝቅ አድርገዋል።»

«የታመመ ሰው ሁለቴም ቢያዜም እዚያው ላይ ነው ትንፋሹ የሚያልቅበት። ራሳቸው ምን አሉ? የበሽታው ድምፅ ነው፣ አትቅረጹት አላሉም? አንቺ በምልክት ቀረጽሽው።»

ሐመልማል ግን፣ «የእናቴን ቀብር ታስታውሳለህ?» አለችው። «አባዬ ያን ዕለት እዚያው ቃል ላይ ሲደርሱ መጨረስ አቃታቸው። ምናልባት አሁንም ዜማውን ለእሷ ባቆሙበት ቦታ ሊተዉት ፈልገው ይሆናል።»

ይትባረክ «አስታውሳለሁ» አለ። «ለቅሶው አላስጨርስ ብሏቸው ሳለ የጨረስኩላቸው እኔ ነኝ። በርክርክ። ኋላ አቅፈውኝ፣ ልጄ አዳንከኝ ነው ያሉኝ።»

ሁለቱም አለቀሱ። አልተስማሙም።

ይትባረክ ዘርዓብሩክን አግኝቶ ገጹ እንዲታረም ጠየቀው። ዘርዓብሩክ ላፕቶፑን ከፍቶ ቁርጡን አንሥቶ ርክርኩን አስገባ፤ ፈተናውን አስኬደው። ሌላው ገጽ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የስንብቱ የመጨረሻ ቃል ላይ ግን ርክርኩ እንደ ደም ቀልቶ ታየ። ለውጡ አልገባም።

«አየህ፣ ትክክል ይሁን ስሕተት አያውቅም» አለ ዘርዓብሩክ። «አደራ የተሰጠውን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«አንተ ግን ሰው ነህ። አንሣው።»

«አንዱን ገጽ ደስ ስላለኝ ካነሣሁ ነገ ሌላው ሌላውን ያነሣል። የዚያን ቀን አባዬ መቋሚያቸውን አንሥተው ማንም ያላያቸው እንደዚያ ነው። እትዬ አስገባችው፤ እትዬ ካላነሣችው እኔ አልነካውም።»

«አባትህን ከማሽን ነው የምትማረው?»

ዘርዓብሩክ ድምፁ ተለወጠ። «ሌላ የት ልማራቸው ጋሽ ይትባረክ? አንተ ጉልበታቸው ሥር አደግህ። እኔን አስኳላ ሰደዱኝ። የእሳቸውን ዜማ የማውቀው ምልክቱ ከቦታው ሲነቃነቅ ብቻ ነው።»

ላፕቶፑን ወደ እኅቱ ገፋው። ሐመልማል ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ርክርኩን ይሁን ለማለት አንድ ቁልፍ መንካት ነው የሚጠበቅባት። ብትነካው አባቷ በመጨረሻ የነገሯት ነገር ይጠፋል፤ ባትነካው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ይጠፋል። እጇን ዘረጋች። መለሰችው። «አልችልም» አለች።

በተዝካሩ ሰሞን አለቃ ምሕረተአብ ሦስቱንም ደብሩ ግቢ ጠሩ። መቋሚያው በእጃቸው ነበር። «የሟች ቃል አደራ ነው» አሉ። «ድምፄን ለጠበቀልኝ ብለዋል። ተናገሩ።»

ከጎን የተቀመጡ አንድ ቄስ፣ «ሴት መቋሚያ አትይዝም» ብለው ጣልቃ ገቡ። አለቃ፣ «መሪጌታ ወንድ ሴት አላሉም» ብለው አስቆሟቸው።

ይትባረክ ተነሣ። «የኔታ ጤነኛ ሆነው ያዜሙትን በደረቴ ይዣለሁ። እኔ ስሞት ግን ከእኔ ጋር እንደሚሞት አውቃለሁ።» ተቀመጠ።

ሐመልማል ተነሣች። «የመጨረሻ ቃላቸውን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም። ይሁን ሳይሉኝ ይሁን ማለቴን ግን አልክድም።» ተቀመጠች።

ዘርዓብሩክ ተነሣ። «የሁለቱም ልፋት ባክኖ እንዳይቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ግን አባቴ ሲሞቱ አልነበርኩም፤ ሲያዜሙም አልነበርኩም።» እሱም ተቀመጠ።

አለቃ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የቅጥሩ በር ተንኳኳ። የሸማኔው የደምለው ባለቤት በወሊድ ሞታለች፤ አስከሬኗ ከቤት ወጥቶ እየመጣ ነው። ደምለው ራሱ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ገባ። ዲያቆናቱ ከበሩ ጎን ገጻቸውን ይዘው ቆመው አየ፤ ይትባረክንም አየ። በመሪጌታ ቀብር ላይ የሆነውን እሱም ሰምቷል። በጉልበቱ ተንበረከከ።

«አባቶቼ» አለ፣ «በየትኛውም ይሁን። ብቻ እባካችሁ እሷ ላይ ለሁለት አትከፈሉብኝ።»

አለቃ ምሕረተአብ መቋሚያውን ይዘው ተነሡ። ሐመልማል ወንድሟን አየች፤ ወንድሟ ይትባረክን አየ፤ ይትባረክ ወደ በሩ አየ። የለቀስተኛው ድምፅ እየቀረበ ነው። መቋሚያውን የሚቀበለው ሰው ዛሬ ያቺ ሴት በየትኛው ዜማ እንደምትሰናበት ይወስናል፤ ከእሷም በኋላ የሚሞተው ሁሉ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ በአለቃ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ። መሪጌታ በጤናቸው ያዜሙትን በደረቱ የያዘው፣ ሲሞቱ ያዜሙትን እንደሰማች የጻፈችው፣ ወይስ የተጻፈው እንዳይነቃነቅ የጠበቀው? የመሪጌታ ልሳነወርቅን ድምፅ የጠበቀላቸው የትኛው ነው? መቋሚያው ለማን ይገባል?